ድምፅ ቦታ ሲሆን፦ የስሎውዳይቭ ጉዞ ከጊታር ግድግዳ ወደ ድባብ



ዛሬ የምናገረው ስሎውዳይቭ ስለሚባል አንድ የእንግሊዝ የጊታር ባንድ ነው። በአገራችን ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። በተወለደበት አገርም ቢሆን ሃያ ዓመት ያህል እንደ ተረሳ ኖሯል። እኔ የመረጥሁት አንድ ጥያቄ በእርሱ ታሪክ ውስጥ ጥርት ብሎ ስለሚታየኝ ነው። ጊታር፣ ቤዝና ድራም ይዞ ዘፈን ሲጫወት የነበረ ባንድ ፊቱን ወደ ድባብ ሲያዞር በትክክል የሚለውጠው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ «ድምፁን ያለሰልሰዋል፣ ማሚቶ ይጨምርበታል፣ ጭጋግ ያለብሰዋል» የሚል ነው። በዚህ መልስ መሠረት ድባብ በዘፈን ላይ የሚደረብ ጌጥ ነው። እኔ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ድባብ የሚመጣው ከዘፈኑ ላይ እየቀነሱ በመሄድ ነው፤ የሚቀነሰውም አድማጩ የለመደው ነገር ስለሆነ ዋጋ ያስከፍላል። ስሎውዳይቭ ያንን ዋጋ ከፍሏል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል ከለንደን በስተ ምዕራብ በምትገኘው የሬዲንግ ከተማ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ጓደኛሞች ናቸው። ባንዱን የመሠረቱት በ1989 ነው። ሁለቱም ጊታር ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ይዘፍናሉ። ክርስቲያን ሳቪል ሦስተኛውን ጊታር፣ ኒክ ቻፕሊን ቤዙን ያዙ፤ ድራመሮች ከተቀያየሩ በኋላም ቦታው ለሳይመን ስኮት ጸና። ሃያ ዓመት ገደማ ሳሉ ክሪኤሽን የተባለው አሳታሚ አስፈረማቸው። ክሪኤሽን በአለን መጊ የሚመራ፣ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጭ የቆመ ድርጅት ነበር። ኢንዲ ሮክ የምንለው ሙዚቃ ያደገው በእንዲህ ዓይነቶቹ ነፃ አሳታሚዎች ጥላ ሥር ነው።

የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው «ጀስት ፎር ኤ ዴይ» በሴፕቴምበር 1991 ወጣ፤ በእንግሊዝ የአልበም ሰንጠረዥም እስከ 32ኛ ደረጃ ደረሰ። አብሯቸው የሠራው ክሪስ ሃፎርድ በኋላ ሬዲዮሄድ የተባለው ባንድ ሥራ አስኪያጅ የሆነው ሰው ነው። አልበሙን ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚያገኛችሁ የጊታር ግድግዳ ነው። ሦስት ጊታሮች በአንድ ጊዜ ይጮኻሉ፤ ሆኖም የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። የሃልስቴድና የጎስዌል ድምፅ ከጊታሮቹ በላይ አይወጣም፤ ከውስጣቸው ይሰማል። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚጫወቱ ወጣት ባንዶች በርካታ ነበሩ። መድረክ ላይ ቆመው እግራቸው ሥር የተደረደሩትን የጊታር ድምፅ የሚለውጡ ፔዳሎች ቁልቁል ሲያዩ ስለሚያመሹ ጋዜጠኞች ጫማቸውን የሚያዩ ብለው ሰየሟቸው፤ የሙዚቃው ስምም ሹጌዝ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ ድምፅ ጠባይ ጥቂት ልናገር፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነውና። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአንድ ትልቅ ግድግዳ 17 ሜትር ርቃችሁ ብታጨበጭቡ፣ ጭብጨባው ግድግዳውን ነክቶ እስኪመለስላችሁ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። በጠባብ ክፍል ውስጥ የሚመለሰው ወዲያውኑ ስለሆነ ከመነሻው ድምፅ ጋር ይዋሐዳል። በሰፊ አዳራሽ ወይም በድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ድምፁ ከግድግዳ ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ወለል እየተላተመ ብዙ ይቆያል። ጆሯችን እነዚህን መዘግየቶች ሳንጠይቀው ያሰላቸዋል። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ቤት ብትገቡ የቤቱን ስፋት የምታውቁት በዚህ ስሌት ነው።

ሪቨርብ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ ስሌት ያታልላል። መኝታ ቤት ውስጥ የተቀዳን ጊታር ተቀብሎ ከካቴድራል የመጣ ያስመስለዋል። ዲሌይ የሚባለው ደግሞ የተመታውን ክር ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ደግሞ ደጋግሞ ያሰማዋል፤ የገደል ማሚቶን በሳጥን ውስጥ እንደማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሙዚቀኛ እነዚህን መሣሪያዎች ሲጠቀም የሚሠራው ቦታ ነው። ድባብ ስንል ጆሮ የሚገባበትን ቦታ ማለታችን ነው።

ነገር ግን ቦታው እንዲሰማ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ክሩ ከተመታ በኋላ የማሚቶው ርዝራዥ ቀስ ብሎ ሲጠፋ ለመስማት ዝምታ ያስፈልጋል። ሌላ ክር ወዲያው ከተመታ፣ ከዚያም ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ከተከተለ፣ ርዝራዦቹ እርስ በርሳቸው ይደራረባሉ። ቦታው ይሞላና ግድግዳ ይሆናል። በ1991 የነበረው ስሎውዳይቭ ይህ ነው። መሣሪያዎቹ ሰፊ ቦታ የሚሠሩ ነበሩ፤ አጨዋወቱ ግን ያንን ቦታ እስከ አፉ ይሞላው ነበር። ግድግዳው ውብ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ከግድግዳው ጀርባ ያለው ግን ስንኝና አዝማች ያለው የተለመደ ዘፈን ነበር። ድባቡ ልብስ ነበር፤ ገና ሥጋ አልሆነም።

ሁለተኛው አልበም «ሱቭላኪ» በ1993 ወጣ። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው የሃልስቴድና የጎስዌል የፍቅር ግንኙነት መፍረሱ ነው። ሃልስቴድ ወደ ዌልስ ሄዶ ብቻውን ተቀምጦ ጻፈ፤ ይዟቸው የተመለሳቸው ዘፈኖችም ከቀድሞዎቹ ይልቅ የተራቆቱ ነበሩ። የአልበሙ መዝጊያ «ዳገር» ያለ ግድግዳ፣ በጊታርና በድምፅ ብቻ የቆመ ነው። ሁለተኛው ነገር ለብራያን ኢኖ መጻፋቸው ነው።

ኢኖ ማን እንደሆነ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1975 መጀመሪያ ላይ መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ አንዲት ጓደኛው የበገና ዓይነት የሃርፕ ሙዚቃ ሸክላ አምጥታለት ትሄዳለች፤ እርሱም እንደምንም ይከፍተዋል። ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ተነሥቶ ለማስተካከል ደግሞ አቅም አልነበረውም። ሙዚቃው ከውጪው ዝናብ ጋር ተቀላቅሎ፣ ጎልተው የሚወጡት ድምፆች ብቻ አልፎ አልፎ ይደርሱት ነበር። ሙዚቃ እንደ ብርሃንና እንደ ዝናብ የአካባቢ ክፍል ሊሆን እንደሚችል የተረዳው በዚያ ሰዓት መሆኑን ራሱ ተናግሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ «ሚውዚክ ፎር ኤርፖርትስ» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ አምቢየንት ለሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ስም የሰጠው እርሱ ነው።

ስሎውዳይቭ ኢኖ አልበሙን እንዲያዘጋጅላቸው ጠየቁት። ዝግጅቱን ባይቀበልም ሃልስቴድን ጠርቶ ጥቂት ቀናት አብሮት ሠራ። በ«ሱቭላኪ» ላይ ያሉት «ሲንግ» እና «ሂር ሺ ከምስ» የዚያ ውጤት ናቸው። ሃልስቴድ ስለዚያ ስቱዲዮ ሲያወራ የማይረሳው ኢኖ ገና እንደገባ የግድግዳውን ሰዓት አውርዶ ከድምፅ ማቀላቀያው ጠረጴዛ ላይ ማኖሩን ነው። ኢኖ የሚፈልገው ረጅምና የጠራ ዘፈን አልነበረም፤ ወጣቱ ጊታሩን እንዲነካና በተወሰነ ሰዓት ውስጥ የመጣውን እንዲቀበል ነው። ስታደምጡት «ሲንግ» ከሌሎቹ የሚለይበትን ታገኙታላችሁ። ጊታሩ ጊታር መሆኑ ይጠፋል፤ ዜማው ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ በአንድ ስፍራ ይዞራል። ለሚቀጥለው ለውጥ ዘሩ የተዘራው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጋዜጦቹ ግን አልታገሡም። የመጀመሪያዎቹን አጫጭር ሥራዎች ያሞገሱ መጽሔቶች ሳይቆዩ ተገለበጡ። ማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ የተባለው ባንድ አባል ሪቺ ኤድዋርድስ ስሎውዳይቭን ከሂትለር የበለጠ እንደሚጠላ እስከ መናገር ደረሰ። አንድ ሐያሲ ደግሞ «ሱቭላኪ»ን ዳግመኛ ከመስማት ይልቅ ገንፎ በሞላ ገንዳ ውስጥ ታንቆ መሞትን እንደሚመርጥ ጻፈ። አልበሙ 51ኛ ደረጃ ላይ ቆመ። እነዚህ ልጆች ሃያ ሁለትና ሃያ ሦስት ዓመታቸው እንደነበረ አስቡ። እንዲህ የተባለ ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ተፈለገው መመለስ ወይም በጀመረው መግፋት። ሃልስቴድ ሁለተኛውን መረጠ።

በዚያ ወቅት የሚያደምጠው ሙዚቃ የጊታር ሙዚቃ አልነበረም። እንደ አፌክስ ትዊን ያሉ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚሠሩ ሰዎች ከድራም እየራቁ፣ ዘገምተኛና ግጥም አልባ ሙዚቃ ያወጡ ነበር። ሃልስቴድ ኮምፒውተርና ሳምፕለር ይዞ ብዙውን ጊዜ ብቻውን መሥራት ጀመረ። ሳምፕለር ማለት የትኛውንም ድምፅ ቆርጦ ይዞ እንደገና የሚያሰማ መሣሪያ ነው። ባንድ ተሰብስቦ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር የሚጫወትበት መንገድ ቀረ፤ የሦስት ሰከንድ የጊታር ቁራጭ ተይዞ መዞር ጀመረ። ይህም በሰው በኩል ዋጋ አስከፈለ። ስኮት በ1994 ከባንዱ ወጣ፤ በእርሱ ምትክ ኢያን መካቸን ገባ። ሳቪልና ቻፕሊን በአልበሙ ውስጥ የሚሠሩት ነገር እየተመናመነ ሄደ። ከሙዚቃው ድምፅ ሲቀነስ ከባንዱም ሰው ተቀነሰ። ይህን ሳነሣ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ውበቱን ብቻ እየነገርኋችሁ ሒሳቡን ብደብቅ ታማኝ አልሆንም።

ሦስተኛው አልበም «ፒግማልየን» በፌብሩዋሪ 1995 ወጣ። ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። መክፈቻው «ሩቲ» አሥር ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እስቲ ይህን አንድ ሥራ አብረን እንመልከተው። የሚጀምረው በጥቂት የጊታር ኖታዎች ነው፤ በእያንዳንዳቸው መካከል ክፍተት አለ። ከአራት ዓመት በፊት ያ ክፍተት በሌላ ጊታር ይሞላ ነበር። አሁን ባዶ ነው፤ ባዶ በመሆኑም የመጀመሪያው ኖታ ርዝራዥ እስኪከስም ይሰማል፤ ርዝራዡ በተሰማ ጊዜ ደግሞ ቦታው ይታወቃል። ሥራው ከቅድሙ የድምፅ ትምህርት ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። መሣሪያዎቹ የቀድሞዎቹ ዘመዶች ናቸው፤ ሪቨርብም ዲሌይም አሉ። የተለወጠው የሚመታው ነገር ማነሱ ነው። ዝምታው ሲገባ ግድግዳው ፈርሶ ቦታው ተገለጠ።

ቀጥሎ ሁለት ነገር ተቀንሷል። አንደኛው አዝማች ነው። የተለመደ ዘፈን አድማጩን በተስፋ ይመራዋል፤ ስንኙ ያልቃል፣ አዝማቹ ይመጣል፣ ሁላችንም እንዘፍናለን። «ሩቲ» ይህን ተስፋ አይሰጥም። ዙሩ ሲደጋገም «ቀጥሎ ምን ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ጆሮ «እዚህ ውስጥ ምን አለ?» ወደሚለው ይዞራል። በአምስተኛው ዙር ላይ በመጀመሪያው ያልሰማችሁትን ትሰማላችሁ፤ ድምፁ ስለተለወጠ አይደለም፤ የእናንተ አደማመጥ ስለተለወጠ ነው።

ሁለተኛው የተቀነሰው ግጥም ነው። ይህ ለእኛ ለአማርኛ አድማጮች ከሁሉ ይልቅ ይከብዳል። ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን አስቀድሞ የሚፈልገው ቃሉን ነው፤ «ምን አለ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ጥሩ ስንኝ ያለው ዘፈን ዜማው ደካማ ቢሆን እንኳ እንምረዋለን። «ክሬዚ ፎር ዩ» የሚለውን ክፍል በዚህ ጆሮ ብትሰሙት ታዝናላችሁ፤ የተያዘው ቃል ከርእሱ እምብዛም አይዘልም፤ እርሱም እየተደጋገመ በጊታሩ ማሚቶ ውስጥ ይሟሟል። በ«ሚራንዳ» ላይ ደግሞ የጎስዌል ድምፅ እንደ አንድ መሣሪያ ገብቶ ይዞራል። ቃል መልእክት ማድረሱን ሲተው የሰው ትንፋሽ፣ ርቀትና ሙቀት ጎልተው ይወጣሉ። እኔ ግጥምን የምወድ ሰው ነኝ፤ ግጥም ይቅር አልልም። ነገር ግን ቃል ባይኖር የሰው ድምፅ ምን ይናገራል የሚለውን ማወቅ የግጥም ወዳጅንም ያበለጽገዋል።

አልበሙ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። «ብሉ ስካይድ አን ክሊር» ቀስ ብሎ እየሞቀ የሚከፈት ነው፤ እንደ ዘፈን የሚቀርበውም እርሱ ነው። «ትሬሊሴዝ» ቀዝቃዛና ብረታ ብረት ያለበት ነው። ሃልስቴድ አንድ ቦታ ሠርቶ አላቆመም፤ የተለያዩ ክፍሎች ያሉት ቤት ሠራ።

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። ክሪኤሽን በ1992 ግማሽ ያህሉን፣ 49 በመቶውን፣ ለሶኒ ሸጦ ነበር። በ1993 አለን መጊ ኦዌሲስ የተባለውን ባንድ አገኘ፤ የኦዌሲስ የመጀመሪያ አልበም በኦገስት 1994 ሲወጣ በእንግሊዝ ታሪክ እስከዚያ ጊዜ እጅግ ፈጥኖ የተሸጠ የመጀመሪያ አልበም ሆነ። አገሩ ሁሉ ብሪትፖፕ የተባለውን ሙዚቃ ያደምጥ ነበር፤ ሁሉም በአንድነት የሚጮኽበት አዝማች የዘመኑ ቋንቋ ሆነ። በዚያው ሰዓት ስሎውዳይቭ አዝማች የራቀው፣ ግጥም የሳሳበት፣ አሥር ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ የሚጀምር አልበም አቀረበ። ከወጣ በሳምንቱ ገደማ ክሪኤሽን ባንዱን አሰናበተ። ሃልስቴድ፣ ጎስዌልና መካቸን በዚያው ዓመት ሞሃቬ 3 በሚል አዲስ ስም፣ በሌላ አሳታሚ፣ ፎክና ካንትሪ የሚያስታውስ ገላጣ የጊታር አልበም አወጡ። ስሎውዳይቭ አበቃለት ተባለ።

ሥራው ግን ሌላ ጆሮ አገኘ። በ2002 ሞር ሚውዚክ የተባለው የጀርመን አሳታሚ የስሎውዳይቭን ዘፈኖች በኤሌክትሮኒክስ ሙዚቀኞች እንደገና አሠርቶ በአልበም አወጣ፤ የአልበሙ ስም የተወሰደው ከ«ፒግማልየን» ውስጥ፣ ከ«ብሉ ስካይድ አን ክሊር» ነው። ፊልም ሠሪው ግሬግ አራኪ በ2004 «ሚስቲሪየስ ስኪን» በተሰኘው ፊልሙ ሙዚቃቸውን ተጠቀመ። ከባንዱ የወጣው ድራመር ሳይመን ስኮት ራሱ የአምቢየንት ሙዚቃ አቀናባሪ ሆነ። በ2014 የቀድሞዎቹ አምስት አባላት ተሰብስበው በባርሴሎና የፕሪማቬራ በዓል ላይ ተጫወቱ። በ2017 በስማቸው የተሰየመው አልበም ወጣ፤ ከ«ፒግማልየን» በኋላ በ22 ዓመቱ መሆኑ ነው። በ2023 የወጣው «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» በእንግሊዝ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ ገባ። ይህ አልበም መጀመሪያ ሃልስቴድ በኤሌክትሮኒክ ሲንተሳይዘር ብቻውን ሲሞክረው ከነበረ ሥራ የበቀለ ነው። በ1995 ያስባረረው መንገድ ከ28 ዓመት በኋላ ከሰንጠረዡ የመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ አስገባው። በዚህ ጊዜ ግን ባንዱ በሙሉ አብሮት ነበር፤ የሃልስቴድን ንድፍ አምስቱ ሰዎች አብረው ሞሉት። እኔ ከዚህ የምማረው መቀነስ የግድ ሰውን መቀነስ እንዳልሆነ ነው። አምስት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው እያንዳንዳቸው ጥቂት ቢጫወቱ ቦታው ለሁሉም ይበቃል።

ይህን መንገድ የሄደው ስሎውዳይቭ ብቻ አይደለም። በዚያው አገር ቶክ ቶክ የተባለው ባንድ በ1988 «ስፒሪት ኦፍ ኤደን»ን ሲያወጣ ከፖፕ ዘፈን ወደ ረጅም ዝምታ ተሻግሯል፤ ሬዲዮሄድ በ2000 «ኪድ ኤ»ን ሲያወጣ ጊታሩን ወደ ኋላ አስቀምጧል። ሦስቱም በተሻገሩ ጊዜ ከአድማጮቻቸውና ከሐያስያን ከፊሉን ግራ አጋብተዋል። ምክንያቱም አንድ ነው ብዬ አስባለሁ። የሚጨምር ሙዚቀኛ ሥራው ወዲያው ይታያል፤ የሚቀንስ ሙዚቀኛ ግን ሥራው የሚታየው አድማጩ ጊዜ ሲሰጠው ብቻ ነው። ክፍተትን በአንድ ደቂቃ የሚመዝን ሰው ጉድለት ያየዋል። የመጽሔት ሐያሲ በሳምንት ብዙ አልበም ይሰማል፤ ኩባንያም የሚቆጥረው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሽያጭ ነው። ሁለቱም ክፉ ስለሆኑ አይደለም ያልሰሙት፤ የያዙት መለኪያ ለዚህ ዓይነት ሥራ አጭር ነበር።

ከመካከላችሁ ሙዚቃ የምትሠሩ ወጣቶች ብትኖሩ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። ዛሬ ሪቨርብ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው፤ ማንም ሰው በስልኩ ካቴድራል መሥራት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያውን መክፈት ድባብ መሥራት አይደለም። የሠራችሁትን ክፈቱና አንዱን ድምፅ አውጡት፤ ከዚያም ስሙ። ቦታው ከሰፋ መልሳችሁ አታስገቡት። ከጠበበ መልሱት፤ ያ ድምፅ አስፈላጊ ነበር ማለት ነው። ሃልስቴድ ከ1991 እስከ 1995 ያደረገው ይኸው ፈተና ነው፤ ችሎታው በመሣሪያው ሳይሆን በጆሮው ድፍረት ነበር።

አድማጮች የሆናችሁት ደግሞ «ሩቲ»ን አንድ ጊዜ ሌላ ሥራ ሳትሠሩ ከዳር እስከ ዳር ስሙት። ላትወዱት ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ነገር ግን ስለማንኛውም ሥራ፣ ሙዚቃም ቢሆን ሥዕልም ቢሆን ጽሑፍም ቢሆን፣ «ይህ ጎድሎታል» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ሠሪው ያንን ነገር አውቆ ቀንሶት እንደሆነና በቀነሰው ምትክ ምን እንዳስገባ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ፍርዳችሁ ትክክል ነው። መልስ ካገኛችሁ ደግሞ በ1995 ብዙዎች ያመለጣቸውን አግኝታችኋል።